ሰርቨሩ አይጠፋም

የምርጥ ዘር ምዝገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተከፈተ፤ ሩዋይዳ ያስመጣችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ደግሞ ቆመ።

ሩዋይዳ አሰላ ከተማ ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት። ኃላፊ ይባል እንጂ በክፍሉ ያሉት እሷና ዳናዊት ብቻ ናቸው። ዳናዊት ስልክ ትቀበላለች፣ የተሳሳተ ስም ታርማለች፤ ሩዋይዳ ሲስተሙን ትይዛለች። ዩኒየኑ የስንዴ ዘር የሚያከፋፍለው በድረ ገጽ ተመዝግበው ተራ ለያዙ አባላቱ ነው። የኢተያውም የሳጉሬውም የሲሬውም ገበሬ በእጅ ስልኩ ይመዘገባል፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለው በልጁ ወይም በቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስልክ ይሞላል። ወዲያው የማረጋገጫ መልእክት ይደርሰዋል፤ ከዚያ በተነገረው ቀንና ሰዓት መጋዘን ሄዶ ዘሩን ይወስዳል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ያን ጠዋት ግን የሁሉም ስልክ ላይ ነጭ ገጽ ብቻ ነበር የሚታየው። ከላይ ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ ስህተት ተፈጥሯል የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሚፍታ የሚባለው የሳጉሬ ግብርና ባለሙያ ደወለ። በሩ ላይ ስልክ የሌላቸው ገበሬዎች ተሰልፈዋል፤ እሱ አንዱን ሰው እንኳ መዝግቦ መጨረስ አልቻለም። ዳናዊት ከሱ ጋር እያወራች ሌሎች ሁለት ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ይጮሁ ነበር።

የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ በለጠ ከሩዋይዳ ወንበር ጀርባ መጥተው ቆሙ።

«አጥፍተሽ አስነሺው» አሏት።

አጥፍታ አስነሳችው። ለጥቂት ደቂቃ ሠራ፤ ስሞች መግባት ጀመሩ። ከዚያ እንደገና ጸጥ አለ። ደግማ አስነሳችው። ሲስተሙን የያዘው ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ በጠፋ ቁጥር ግማሽ የሞሉት ሰዎች የሞሉት ሁሉ ይጠፋና እንደገና ይጀምራሉ፤ የሚጫነው ሰው ከቅድሙ ይበዛል። ረፋዱ ላይ ከሳጉሬና ከኢተያ የመጡ ሚኒባሶች ዩኒየኑ በር ላይ ሰው ማራገፍ ጀመሩ። ስልኩ እምቢ ያለው ገበሬ በእግሩ መጣ።

እኩለ ቀን ላይ አቶ በለጠ ምዝገባው እንዲዘጋ አዘዙ። ሩዋይዳ ራሷ ግቢው ውስጥ ወጥታ በኦሮምኛም በአማርኛም ይቅርታ ጠየቀች። ማንም አልተቆጣትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አንድ ሽማግሌ ብቻ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ እኛስ መሰለፍ እናውቃለን። የማያውቀው ማሽኑ ነው» አሏትና ወደ ሚኒባሱ ተመለሱ።

በማግስቱ የዩኒየኑ ቦርድ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ሀጂ ሀሰኖ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንዴና ገብስ ያመረቱ፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ግን ስብሰባውን የሚያሳጥሩ ሰው ናቸው። አቶ በለጠ ሲስተሙ ቀርቶ እንደ ድሮው መጋዘን በር ላይ በሰልፍ ዘር ይታደል አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ግቢያቸው ውስጥ ባዶ እጁን ሲመለስ አይተው ነው። አንዱ የቦርድ አባል ደግሞ ትልቅ ማሽን ይገዛ አለ።

ሩዋይዳ የድሮውን ሰልፍ ታውቀዋለች። ከሲሬ ገጠር ጨለማ ለጨለማ የተነሳ ሰው ሲደርስ ዘሩ አልቆ ነበር የሚጠብቀው። ሕፃን ያዘሉ ሴቶች በጭቃው ውስጥ እየተገፉ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር፤ ጉልበት ያለውና መጋዘን ውስጥ ሰው የሚያውቅ ይቀድም ነበር። ይህንን ተናገረች። ትልቅ ማሽንም መፍትሔ እንደማይሆን ጨመረች፤ አምናም እንዲሁ ሲቆም ማሽኑን አሳድገውት ነበር፣ ምንም አልተለወጠም።

«ትናንት ሁሉም ነገር ሲቆም ማሽኑን እያየሁት ነበር» አለች። «የቆመው ሥራ በዝቶበት አይደለም። ምንም ሳይሠራ ነው የቆመው።»

ሀጂ ሀሰኖ ቀና አሉ። «ሳይሠራ ከቆመ ምን እየጠበቀ ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው፣ ሀጂ።»

«እንግዲያው እወቂው። እስከ ቅዳሜ እንጠብቅሻለን» አሉና ስብሰባውን ዘጉ።

ሩዋይዳ ሲስተሙን ለሠራው ለፍቅረማርያም ደወለችለት። ፍቅረማርያም አዳማ ነው የሚኖረው፤ በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን አንግቶ አሰላ ገባ። ፊቱ ግን ተኮሳትሯል። ሲስተሙን ብዙ ጊዜ ፈትሾታል፤ ችግሩ ኔትወርኩ ነው ብሎ ነበር ከቤቱ የወጣው። ሩዋይዳ አልተከራከረችውም። ለሙከራ የተቀመጠውን ሁለተኛውን ሰርቨር አስነሱና እንደ ምዝገባው ቀን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚመዘገብ አስመስሎ ጥያቄ የሚልክ ፕሮግራም ለቀቁበት።

ሰርቨሩ ሁሉንም ተቀበለ። ገጹ ዓይን ሳይጨፈን ይከፈታል። የሰዉን ቁጥር እጥፍ አደረጉት፤ አሁንም አልተንገዳገደም። ፍቅረማርያም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ለሩዋይዳ ችግሩ ቢታይ ይሻል ነበር፤ ያልታየን ችግር ማን ያስተካክላል? ቅዳሜ ሀጂ ሀሰኖ ፊት ቆማ ‹ሙከራው ላይ ይሠራል› ስትል ታያት።

ምሳ በልተው ሲመለሱ ሌላ ሐሳብ ስለጠፋት ብቻ ዋናውን ሲስተም ከፍታ በራሷ ስልክ ቁጥር አንድ የሙከራ ስም መመዝገብ ጀመረች። ሞልታ ተጫነች። ክቧ ተሽከረከረች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ፤ ‹ተመዝግበዋል› የሚለው መልእክት ነበር። ገጹ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ሩዋይዳ እጇ ባለበት ቆመ። ስልኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ደግማ መዘገበች። አሁንም መጀመሪያ ስልኩ ጮኸ፣ ገጹ ተከተለ።

«ፍቅረማርያም» አለች፣ «ገጹ የሚከፈተው መልእክቱ ከሄደ በኋላ ነው?»

«አዎ። መልእክቱ መሄዱን ሳናረጋግጥ ሰውየውን ተመዝግበሃል ልንለው አንችልም ብዬ ነው።»

«የሙከራው ሰርቨር ላይስ መልእክት ይላካል?»

«እዚያ አጥፍቼዋለሁ፤ ለሙከራ ብለን ሰው እንዳንረብሽ…» አለና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መልሶ አስጠጋ።

ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ መለየት አስቸጋሪ ነበር፤ ሁለቱም አንድ ነገር እያዩ ነው። እንዲህ ያለ ሰርቨር ከውጭ የሚመጣለትን እያንዳንዱን ጥያቄ ለአንድ ሠራተኛ ይሰጣል። ሰው አይደለም ሠራተኛው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ የሥራ ክር ነው፣ ቁጥሩም የተወሰነ ነው። ሠራተኛው ስሙን ለመጻፍ ወደ ዳታቤዙ፣ ወደ ስም ማኅደሩ፣ የሚያስገባ መስመር ይይዛል፤ የመስመሮቹ ቁጥር ደግሞ ከሠራተኞቹም ያነሰ ነው። ጽፎ መስመሩን ወዲያው ቢለቅ ኖሮ ቀጣዩ ይገባ ነበር። የእነሱ ሠራተኛ ግን መስመሩን በእጁ እንደያዘ መልእክት አስተላላፊው ድርጅት ጋ ይሄድና መልስ ይጠብቃል። አንድ ሰው ሲመዘገብ ይህ አይታወቅም። ሦስት ወረዳ በአንድ ጠዋት ሲመዘገብ ግን መልእክት አስተላላፊው ይዘገያል፤ የያዘው ሁሉ እንደያዘ ይቆማል፤ ሌላው መስመር አጥቶ ይቆማል፤ ከውጭ የሚመጣው ደግሞ የሚቀበለው ያጣል። ማሽኑ አልደከመም። ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው እንጂ።

ይህ ገና ግምት ነበር። ፍቅረማርያም ሆን ተብሎ የሚዘገይ የውሸት መልእክት አስተላላፊ ሠራና ከሙከራው ሰርቨር ጋር አገናኘው። ጥያቄዎቹን ለቀቁ። ሰርቨሩ ትንሽ ሠራና ልክ እንደ ምዝገባው ቀን ዝም አለ። የፍቅረማርያም እጅ ከልማድ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

«እንዳትነካው!» አለች ሩዋይዳ።

በምዝገባው ቀን ያልተደረገው ይህ ነበር። ያን ዕለት አጥፍታ ባስነሳችው ቁጥር ሠራተኞቹ ምን ላይ እንደቆሙ የሚያሳየው ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር። አሁን ሰርቨሩን እንደቆመ ተወችውና እያንዳንዱ ሠራተኛ በዚያች ቅጽበት ምን እየሠራ እንደሆነ እንዲዘረዝር አዘዘችው። ጽሑፉ ስክሪኑን ሞልቶ ወረደ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አነበቡት። መስመር የያዙት ሁሉ መልእክት አስተላላፊው ጋ ቆመዋል፤ የቀሩት ሁሉ መስመር ይጠብቃሉ። አንድም ሌላ ነገር የሚሠራ የለም።

ሩዋይዳ ከወንበሯ ተነስታ ግቢው ውስጥ ወጣች። ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና ነበር፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። እሷ ግን ሙቀት ነበር የሚሰማት። ቀኑን ሙሉ የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ ወርዶ፣ እንደ ልጅነቷ ልትስቅ ዳር ዳር ትል ነበር። ፍቅረማርያም ተከትሏት ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ገጹ መልእክቱን እንዲጠብቅ አድርጎ የጻፈው እሱ እንደሆነ፣ ለገበሬው አስቦ እንደጻፈው ነገራት። እሷም ሐሳቡ ጥሩ እንደነበረ፣ ቦታው ብቻ እንዳልሆነ ነገረችው። ተያይተው ሳቁና ተመልሰው ገቡ።

የቀሩትን ቀናት ሲስተሙን ሲያስተካክሉ ዋሉ። አሁን ሠራተኛው ስሙን ይጽፋል፣ መልእክቱን ወረፋ ላይ ያስቀምጣል፣ መስመሩን ለቆ ለገበሬው ወዲያው ይመልስለታል። መልእክቶቹን ከወረፋው እያነሱ የሚልኩ ሌሎች ጥቂት ሠራተኞች ለብቻቸው ተመደቡ፤ እነሱ ቢዘገዩ ምዝገባው አይነካም። በአንድ ነገር ብቻ ተከራከሩ። ፍቅረማርያም መልእክት የዘገየበት ገበሬ አልተመዘገብኩም ብሎ ደጋግሞ እንዳይጫን ሰጋ። ሩዋይዳ ታዲያ ገጹ ራሱ በትልቁ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ‹ተመዝግበዋል፤ መልእክቱ ይደርስዎታል› ብሎ የተራውን ቁጥር እንዲያሳይ አደረገች።

ቅዳሜ ቦርዱ ፊት ስትቆም ሀጂ ሀሰኖ ጥያቄያቸውን አልረሱትም። ምን ይጠብቅ ነበር አሏት።

«መጋዘን ውስጥ ያለ ሠራተኛ ዘር ሰፍሮ ሲሰጥዎት ያስቡ፣ ሀጂ» አለች። «ከሰጠዎት በኋላ የመጋዘኑን ቁልፍ ኪሱ ከቶ ቤትዎ ድረስ ቢሸኝዎትስ?»

ሀጂ ሀሰኖ ትንሽ አሰቡ። «ሌላው ሰው በተዘጋ በር ላይ ይቆማላ።»

«ይኸው ነው የሆነው። አሁን ሸኚውን ከመጋዘኑ ሠራተኛ ለይተነዋል።»

ሀጂ ሀሰኖ ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ ቦርዱም ሳቀ። አቶ በለጠ አልሳቁም። ሰኞ እንደገና ይከፈት ተባለ፤ ካልሠራ ግን የመጨረሻው ነው።

ሰኞ ጠዋት ሩዋይዳ ክፍል ውስጥ መቀመጫ አልነበረም። ሀጂ ሀሰኖና አቶ በለጠ መጥተዋል፣ ፍቅረማርያም ወደ አዳማ አልተመለሰም፣ ዳናዊት ስልኮቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ውጭ ግቢው ውስጥም ሰው ሞልቷል፤ ያለፈውን ያዩ ገበሬዎች ስልካቸውን ይዘው ቢሮው አጠገብ ሆነው መመዝገብ መርጠዋል። ሁለት ሰዓት ላይ ተከፈተ።

ስክሪኑ ላይ የተመዝጋቢው ቁጥር መውጣት ጀመረ። ሰዓቱ ያለፈው ጊዜ ምዝገባው ወደቆመበት ሲጠጋ ሩዋይዳ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰች። ሰዓቱ አለፈ። ቁጥሩ ይወጣል። የዳናዊት ስልኮች አንድ ጊዜ ጮኹ፤ አንድ ሰው የአባቱን ስም ተሳስቶ ነበር፣ አረመችለት። ሀጂ ሀሰኖ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው መነጽራቸውን እያስተካከሉ ተመዘገቡ፤ ገጹ ወዲያው ተራቸውን አሳያቸው።

ረፋዱ ላይ ግን ከጎን ያለው ሌላ ቁጥር ማበጥ ጀመረ። ያልተላኩ መልእክቶች ወረፋ ነው። ሩዋይዳ መልእክት አስተላላፊው ድርጅት ጋ ደወለች፤ መሣሪያቸው ተበላሽቷል፣ እየጠገንን ነው አሏት። ግቢው ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ፤ መልእክት አልደረሰንም የሚል። ከሳጉሬም ከኢተያም ይህንኑ የሚጠይቅ ስልክ መጣ። አቶ በለጠ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይኸው ያው ነገር መጣ» አሉ። «አጥፊው፤ አጥፍተሽ አስነሺው።»

ሩዋይዳ ተነሳች። አቶ በለጠ በዕድሜም በሥልጣንም ከሷ በላይ ናቸው፤ እስካሁን ፊታቸው ቆማ እምቢ ብላ አታውቅም። በጠረጴዛውና በእሳቸው መካከል ቆመች።

«አቶ በለጠ፣ ሰርቨሩ አይጠፋም።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ያለፈው ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሲመጣ ምዝገባው ሁሉ ይሞት ነበር። አሁን የቆመው መልእክቱ ብቻ ነው፤ ሰው እየተመዘገበ ነው፤ ቁጥሩን ይዩት። መልእክቶቹ ወረፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ አንዱም አይጠፋም። የድርጅቱ መሣሪያ ሲጠገን ይሄዳሉ።

«ካልሄዱስ?» አሉ አቶ በለጠ።

ሀጂ ሀሰኖ ጣልቃ ገቡ። ለእሳቸውም መልእክቱ አልደረሳቸውም ነበር። ስማቸው ተጽፎ እንደሆነ እንድታሳያቸው ጠየቁ። ሩዋይዳ ዳታቤዙን ከፍታ ፈለገችው፤ ስማቸው፣ ቀበሌያቸው፣ የጠየቁት ዘርና ተራቸው አንድም ሳይጎድል ነበር። አጎንብሰው አነበቡት።

«ከገባ ገብቷል» አሉ። «አርፈን እንጠብቅ።»

ከዚያም ራሳቸው ወደ ግቢው ወጡና ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ የሳቸውም መልእክት እንዳልመጣ፣ ስማቸውን ግን በዓይናቸው አይተው እንደመጡ ለሕዝቡ በኦሮምኛ ነገሩ። ማጉረምረሙ በረደ። ሰዉ በየጥጉ ተቀመጠ፤ ቁጥሩ ግን መውጣቱን አላቆመም። ከሲሬ፣ ከኢተያ፣ ከሳጉሬ ይገባል። ፍቅረማርያም እጆቹን አጣምሮ ስክሪኑን እንደ ኳስ ጨዋታ ነበር የሚያየው።

ቀትር ሲቃረብ ያበጠው ወረፋ በአንድ ቀነሰ። ከዚያ በአስር። ከዚያ ቁጥሩ እንደ ጎርፍ መውረድ ጀመረ።

መጀመሪያ የጮኸው የሀጂ ሀሰኖ ስልክ ነበር። ቀጥሎ ከመስኮቱ ሥር አንድ ስልክ ጮኸ፣ ቀጥሎ ከበሩ፣ ከዚያ ግቢው ሙሉ ጮኸ። ገበሬው ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አንዱ ለሌላው ያሳያል፣ ማንበብ የማይችለው ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ አንዲት ሴት መልእክቷን ጮክ ብላ አንብባ ደገመችው። ሳቅ ተነሳ፤ ከሳቁ መሃል እልልታ ወጣ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እየተቀበለ ግቢውን ዞረው።

ሚፍታ ደወለ። ስልኩን ወደ ሰዉ አዞረው፤ ከሳጉሬም ያው ሳቅና ያው እልልታ መጣ። ዳናዊት ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። ሩዋይዳ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ፍቅረማርያም ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ሀጂ ሀሰኖ ገብተው ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉላትና «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኗት።

ምዝገባው እስኪዘጋ ድረስ ሰርቨሩ አልጠፋም። ቦርዱ በሚቀጥለው ስብሰባው ማዳበሪያውም በዚሁ ሲስተም እንዲታደል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሐሳቡን ያቀረቡት አቶ በለጠ ናቸው።

ዘሩ የሚታደልበት ቀን ሲደርስ ሩዋይዳና አቶ በለጠ በዩኒየኑ መኪና ወደ ሳጉሬ ወረዱ። ከቀትር በኋላ መጋዘኑ በር ሲደርሱ አቶ በለጠ ደነገጡ። ግቢው ባዶ ነው። ሰልፍ የለም፣ ግፊያ የለም፣ ሰው የለም። የመጋዘኑ ሠራተኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

ከመኪናው ፈጥነው ወርደው፣ ሰዉ ምነው ሳይመጣ ቀረ፣ ቀኑ አልተነገረውም ወይ ብለው ጠየቁት።

ሠራተኛው ግራ ተጋብቶ አያቸው። «መጥተዋል እኮ። ሁሉም በየሰዓታቸው መጡ፣ ወሰዱ፣ ሄዱ። የዛሬዎቹ ከረፋድ በፊት ነው ያለቁት።»

አቶ በለጠ ወደ ውስጥ ገብተው የዛሬው ዘር የተነሳበትን ወለል አዩ። ተመልሰው ወጡና ግቢው መካከል ቆመው ዙሪያውን ተመለከቱ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ማሳ ላይ ሁለት ሰዎች በሬ ጠምደው እያረሱ ነበር፤ ከኋላቸው አንዲት ሴት ከቁናዋ እየዘገነች ትዘራለች። አቶ በለጠ መሳቅ ጀመሩ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው። ሠራተኛው ምን እንዳሳቃቸው ባይገባውም አብሯቸው ሳቀና የቆሎውን ሣህን ለሩዋይዳ ዘረጋላት። እሷም ዘግና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።